እጃችንን በካስክ ስናሞቅ

«አንቺን የሚያጠፋሽ ራስሽን መውደድሽ ነው!» አሉኝ እትዬ አስካለ፤ ፊት ለፊቴ ቆመው፣ ጣታቸውን አፍንጫዬ ድረስ አምጥተው፣ ሙሽራዋና ስድስቱ ሚዜዎቿ እየሰሙ።

ስምንት ዓመት አለፈው። ነገሩ ሰበታ ነው፤ እትዬ አስካለ የሴቶች ፀጉር ቤት ባለቤት፣ እኔ የሃያ ሁለት ዓመት ሠራተኛቸው ነበርኩ። የረሳሁት መስሎኝ ነበር። ያለፈው ማክሰኞ ግን እዚህ ሱሉልታ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ያ ከእንጦጦ ጀርባ የሚወርደው ነፋስ ከፊቴ ካለችው ሴትዮ ፀጉር ላይ ሽታ አምጥቶ አፍንጫዬ ውስጥ ሞጀረው። ገና ከካስክ፣ ከዚያ ራስ ላይ ከሚደፋ ማድረቂያ፣ የወጣ ፀጉር ሽታ። ያልለመደ ሰው ቅባትና ሙቀት ብቻ ይሸተዋል። ለእኔ ግን እርጥብ ፎጣ አለበት፣ ትንሽ የተለበለበ ፀጉር አለበት፣ የሞቀ የላስቲክ ቢጎዲን፣ የፀጉር መጠቅለያው፣ አለበት፣ ከጓሮ የሚመጣ በረኪና አለበት። ታክሲው መጣ፣ ሰው ገባ፣ እኔ ቆሜ ቀረሁ። ረዳቱ «እህት፣ ትሄጃለሽ ወይስ ፎቶ ላንሳሽ?» ሲለኝ ነው የነቃሁት። «ሠላሳ ዓመቷ ነው፣ ስለ ድሮ ምን ታወራለች» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በእኛ ሥራ ግን ዕድሜ የሚቆጠረው በእግርና በእጅ ነው፤ በዚያ አቆጣጠር እኔ ባልቴት ነኝ።

ያኔ ሰበታ ገና የሌላ ከተማ ክፍል አልሆነችም፤ ስሟ ሰበታ ብቻ ነበር። መንገዱ በየሳምንቱ የሚዘጋበት ሰሞን አልመጣም ነበር፤ ወይም እየመጣ ነበርና እኛ ፀጉር ላይ አቀርቅረን አላየነውም። ከዓለም ገና ሰበታ በሁለት ብር ታክሲ ይመጣል፣ ሳንቲም ከጎደለሽ ረዳቱ «ነገ ትሰጪኛለሽ» ይልሻል፣ ነገም አይጠይቅሽም። አንድ ሳምቡሳ በሦስት ብር፣ ምስሩ እስከ ጥጉ የሞላ፤ ዛሬ በሃያ ብር የሚሸጡልሽ ግን ነክሰሽ ነክሰሽ ምስሩ ጋ ሳትደርሺ ያልቃል። ሁላችንም ጥቁር ታይት ላይ ረጅም ሸሚዝ እንለብሳለን፣ ወገባችን ላይ የጂንስ ጃኬት እናስራለን፣ ነጭ ሸራ ጫማችንን በጥርስ ብሩሽ እናጥባለን። አንድ ዘፈን ነበር፣ ልጁ «ነይልኝ» እያለ የሚያለቅስበት፤ ከመነኻሪያው፣ ከጭማቂ ቤቱ፣ ከሲዲ አዟሪው ጋሪ፣ ከሁሉም አቅጣጫ በአንዴ ይመጣል፣ ግን አንዱ ካንዱ ስለማይገጥም ልጁ ከራሱ ጋር የሚጨቃጨቅ ይመስላል። ፀጉር ቤታችን መነኻሪያውን አለፍ ብሎ ወደ ቀኝ ስትታጠፊ ነው፤ በግራው የሐዋ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ፣ በቀኙ የምስማርና የቀለም ሱቅ። በሩ ላይ የዶቃ መጋረጃ አለ፣ ሰው በገባ ቁጥር ፀጉራችን ላይ ይጠመጠማል። ግድግዳው ላይ የተለጠፉት የፈረንጅ ሞዴሎች ፀሐይ በልቷቸው ሰማያዊ ሆነዋል። ሦስት መስታወት፣ ሦስት ወንበር፣ አራት ካስክ፤ አንዱ ካስክ ሲሞቅ እንደ ወፍጮ ይንጫጫል። ካስክ በሃምሳ ብር ነበር። ሰበታ ውስጥ ያለች የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ፣ ጠዋት ተነስታ መርካቶ የምትነግድም፣ ከተጂ ለገበያ የመጣችም፣ እኛ ጋ ሳትገባ ሠርግ አትሄድም።

እኛ አራት ነበርን። ሁለቱ ልጆች ሹሩባ ይሠራሉ። እኔ ካስክና ፒያስትራ፣ የሙሽራ ፀጉርም የምሠራው እኔ ነኝ። አራተኛዋ ጽጌ ናት፤ ሥራውን ያስተማረችኝ፣ በአሥራ አምስት ዓመት የምትበልጠኝ፣ ሁለት ልጅ ለብቻዋ የምታሳድግ። በእትዬ አስካለ ቤት አንድ ሕግ ነበር፤ ሠራተኛ አትቀመጥም። ደንበኛ ቢኖርም ባይኖርም አትቀመጥም። «ሠራተኛ የተቀመጠችበት ወንበር ይከሽፋል፤ ደንበኛ ይሸሸዋል» ይሉ ነበር፣ ከልባቸው አምነው። እሳቸው ራሳቸው በአንድ ሻምፖ ማጠቢያና በአንድ ወንበር ነው የጀመሩት። «የመጨረሻ ልጄን ዘጠኝ ወር ተሸክሜ፣ ቆሜ ነው ሙሽራ ያስዋብኩት፤ ምጤ የመጣው ስፕሬይ እየረጨሁ ነው» ብለው ሲናገሩ ደንበኞቹ ያጨበጭቡላቸዋል። እኛም እናጨበጭባለን። ከዚያ በኋላ ግን ማበጠሪያ አንስተው አያውቁም። ገንዘብ መቀበያው ጋ፣ እጃቸውን ጋውናቸው ኪስ ውስጥ ከትተው፣ እኛን በዓይናቸው ሲነዱ ይውላሉ።

ምሳችንን ጓሮ፣ ፎጣ ማስጫው ሥር፣ ቆመን በአሥር ደቂቃ እንውጣለን። ሽንት እንይዛለን። ሽንት ለመቀነስ ውኃ አንጠጣም። ማታ ቤት ስንገባ እግራችን ጫማውን አልለቅ ይላል። ዛሬ በየስልኩ ዓይናቸው ላይ ኪያር ለጥፈው «ራስሽን ተንከባከቢ፣ ለራስሽ ጊዜ ስጪ» የሚሉ ልጆች አሉ አይደል? ይመቻቸው። ያኔ እንዲህ የሚባል ቃል አልነበረንም። እንደዚያ የምታደርግ ሴት ስሟ «ቅንጡ» ነበር፣ ሲከፋ ደግሞ «ሰነፍ»። ራሳችንን የምንንከባከብበት አንድ ነገር ብቻ ነበረን፤ እሱም የእጅ ማሞቂያ ሰዓታችን። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ እትዬ አስካለ ሳይመጡ፣ አራቱን ካስክ ዝቅ አድርገን ከፍተን፣ ወለሉ ላይ ተንበርክከን፣ ሁለት እጃችንን እስከ ክርናችን ድረስ ጭንቅላት በሚገባበት እንከታለን። ላየን ሰው ቤተ ክርስቲያን የምንሳለም እንመስላለን። ለደንበኛ የተገዛውን የፀጉር ቅባት ደግሞ ቀድመን አንጓችን ላይ እናሻለን። ሲያቃጥል «እሰይ፣ ሥር ገባ!» እንላለን። ጽጌ ናት ያስለመደችን፤ እሷን ደግሞ ከእሷ በፊት የነበረችው። እንዴት እንደምወዳት ያችን ሰዓት! የቀኑ ወሬ ሁሉ እዚያ ያልቃል። ማን አገባች፣ ማን ዱከም ፋብሪካ ገባች፣ የማን ባል የማንን ስልክ ወሰደ። ሐዋ ሱቋን ልትከፍት ስታልፍ በመጋረጃው ብቅ ትልና «ዛሬስ ለማን ነው የምትሰግዱት?» ትለናለች።

የጽጌ እጅ እንዴት እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ማንም ግን አይናገርም። አውራ ጣቷ ሞቷል። ማበጠሪያውን በሌባ ጣቷና በመሀል ጣቷ መካከል ሰክታ ነው የምትይዘው፣ እንደ ሲጋራ። የሻምፖ ጠርሙስ እኔ እከፍትላታለሁ፣ ቢጎዲን አንዷ ልጅ ትጠቀልልላታለች፣ እሷ ደግሞ በወሬ ደንበኛውን ታስቃለች። «ጽጌዬ ስታበጥረኝ አያመኝም» ይሏታል። ማሳመም አቅቷት እንደሆነ የምናውቀው እኛ ብቻ ነን። ታኅሣሥ ላይ የእኔም ቀኝ እጅ ጀመረው። መጀመሪያ አውራ ጣቴ ሥር መርፌ የወጋኝ ያህል፣ ከዚያ በር ስከፍት፣ ከዚያ ፀጉር ባልነካም ዝም ብሎ። አንድ ቀን ቤቴ ሽንኩርት ልከትፍ ብዬ ቢላው ከእጄ ወጣ። አነሳሁት። እንደገና ወጣ። መሬት ላይ ተቀምጬ ቢላውን እያየሁ የታየኝ ያ እንደ ሲጋራ የሚያዝ ማበጠሪያ ነው።

ክፋቱ የመጣው የተስፋ ሰሞን ላይ ነው። እትዬ አስካለ ቡራዩ ውስጥ፣ ከታ የሚባል ሰፈር፣ ሁለተኛ ቤት ተከራይተው ነበር። «የጥርን ሠርግ ቀጥ ብለሽ ካወጣሽልኝ፣ ቡራዩን ይዘሽ ትሠሪያለሽ። ኃላፊዋ አንቺ ነሽ» ብለውኛል። ወስደው አሳይተውኛል። ሁለት ማጠቢያ፣ ነጭ ሴራሚክ፣ መንገዱን የሚያይ ትልቅ መስኮት፤ ጠዋት ከገፈርሳ በኩል የሚመጣው ብርድ መስታወቱን ያጨፍነዋል። የመስኮቱን መጋረጃ ቀለም ሳይቀር መርጬ ነበር፤ ብርቱካንማ። የአሥረኛ ክፍል ፈተና እንደነገሩ አልፌ፣ ኮሌጅም ሳይሆንልኝ፣ ዘመድ ሁሉ «የሰው ፀጉር አጣቢ» ሲለኝ ለከረምኩት ለእኔ፣ ያ ቤት ምን ማለት እንደነበር ማስረዳት አልችልም። ስለዚህ አንጓዬን በስቶኪንግ ቁራጭ ጠፍሬ አስሬ፣ ካስኩን ከመካከለኛ ወደ ከፍተኛ አዞርኩት።

ጥምቀት ሳምንት ሲቀረው እጄ አብጦ ሐዋ አየችው። «ይኼ እጅ ነው ዳቦ?» አለችኝና ሱቋን ዘግታ ራሷ ይዛኝ ሄደች። ዓለም ገና አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ የእጅና የወገብ ሕመምተኛን እንቅስቃሴ የሚያሠራ ወጣት ባለሙያ አለ፤ የአማቷን ወገብ ያዳነ። ልጁ አውራ ጣቴን በጭብጤ ውስጥ አስደብቆ አንጓዬን ወደ ታች ሲያጥፈው ጮኼ ጠረጴዛውን ረገጥኩ።

«ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ፀጉር።»

«ሲያምሽ ምን ታደርጊለታለሽ?»

«ካስክ ውስጥ አሞቀዋለሁ።»

እስክሪብቶው ቆመ። «ምን ውስጥ?»

ሐዋ በእጇ ከጭንቅላቷ በላይ ቆብ ሠርታ አሳየችው። ሊስቅ ጀመረና ፊቴን ሲያይ ተወው። «እህቴ፣ ይኼ እኮ ያበጠ ነገር ነው። በየቀኑ እያቃጠልሽው ነው። የሚፈልገው ቅዝቃዜ ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዕረፍት።» ማሰሪያ አመጣ፣ ብረት ያለበት፣ አውራ ጣትን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ። «ሦስት ሳምንት ይኼ ጣት ምንም አይጨብጥም። ማበጠሪያም፣ ማንኪያም።»

«ሦስት ሳምንት? ጥር እኮ ነው! ባይሆንስ?»

«ባይሆንማ በኋላ በቀዶ ሕክምናም ላይመለስ ይችላል» አለ። «መቼም አብረሽ ከምትሠሪያቸው መካከል ዕቃ የሚወድቅባት አትጠፋም። እሷን እያት።»

በታክሲው ስንመለስ፣ ሐዋ አንዴ ብቻ «ቡራዩን እያሰብሽ ነው?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። «እኔ እጅሽን ነው የማስበው» አለችና ወደ መስኮቱ ዞረች።

በማግስቱ ጠዋት ሦስቱ ተንበርክከው እጃቸውን ሲያሞቁ ገብቼ ካስኮቹን አንድ በአንድ አጠፋኋቸው። «ጠፋ እንዴ መብራቱ?» አለች ጽጌ። የክሊኒኩ ልጅ ያለኝን ነገርኳቸው። አንደኛዋ «እንዴ፣ አይሁንብን!» አለች። ጽጌ ግን እጇን ካስኩ ውስጥ እንዳደረገች ቆየች። ማሽኑ ጠፍቷል፣ እሷ አላወጣችውም። «አሥራ አራት ዓመት» አለች መጨረሻ ላይ፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ሳቀችና «በይ እሺ ዶክተር፣ በረዶውን ከየት ታመጪልን?» አለችኝ። ከጭማቂ ቤቱ አመጣሁ። በፌስታል፣ ማንጎ ማንጎ የሚሸት።

እትዬ አስካለ ማሰሪያውን ሲያዩ መጀመሪያ ተሰብሬ መስሏቸው ደነገጡ። ነገሩን ስነግራቸው ድንጋጤው ሄደ። «ሐኪም ሁሉ የሚለው አትሥሩ ነው። ለምን እንዳትይ፤ እሱ ቁጭ ብሎ ነው የሚሠራው!»

«እሱን ነው የምልዎት እትዬ። ቁጭ ብሎ ነው የሚሠራው።»

«ምላስሽ ግን አልታሰረም።»

«እሱን አጥቤው ነው የመጣሁት። በምላሴና በግራ እጄ እሠራለሁ። የሙሽራዋን ፀጉር ጽጌና ልጆቹ ይይዛሉ፣ እኔ አጠገባቸው ቆሜ አሳያቸዋለሁ። ሦስት ሳምንት ነው። ሁለተኛ፣ ከዛሬ ጀምሮ ስድስት ሰዓት ላይ ተቀምጬ ምሳ እበላለሁ።»

«የት ተቀምጠሽ?»

«ወንበር ላይ ነዋ።»

የቀለድኩ መሰላቸው። ስድስት ሰዓት ሲሞላ ምሳ ዕቃዬን ይዤ መሀለኛው መስታወት ፊት፣ የደንበኛው ወንበር ላይ፣ ቂጢጥ አልኩ። በዚያ ቤት ሦስት ዓመት ስሠራ ፊቴን ቆሜ ሳይሆን ተቀምጬ፣ ከፊት ለፊት ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ደግሞ ምን ያህል ከስቻለሁ! «ተነሺ! ወንበሩን አከሸፍሽው!» እያሉ እትዬ አስካለ በፎጣ ጀርባዬን ሲመቱኝ፣ እኔ በግራ እጄ ፍርፍር እየጎረስኩ «ከከሸፈማ ደንበኛ ይቀንሳል፣ ሁላችንም እናርፋለን» እላለሁ። ጽጌ ሳቋን ለመደበቅ ጓሮ ሮጠች። ጩኸቱን ሰምታ ሐዋ መጣች። ጉርሻዬን ጨርሼ ስነሳ ቦታዬ ላይ ተቀመጠችና ሻርፗን አውልቃ «ወላሂ እኔ አልሸሸሁም እትዬ፤ ይሥሩኝ» አለች። እትዬ አስካለ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አይተው እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ወደ ገንዘብ መቀበያው ተመለሱ። በዚያው ሳምንት ልጆቹም በየተራ መቀመጥ ጀመሩ። ጽጌ ብቻ እንቢ አለች። «እኔ ከተቀመጥኩ የሚያስነሳኝ የለም» አለችኝ።

ቅዳሜ መጣ። ሙሽራዋ ለሊሴ ናት፤ የቤቱ አከራይ የኦቦ ገመቹ ልጅ። ኦቦ ገመቹ በየጠዋቱ በደጃችን ሲያልፉ «አከም ቡልተን?» እያሉ አዳራችንን የሚጠይቁን፣ መልሳችንን ሳይሰሙ የማያልፉ ሰውዬ ናቸው። ለሊሴን የቀለበቷን ቀን የሠራኋት እኔ ስለነበርኩ «ለሠርጌም ቲጂ ካልሆነች» ብላ ነበር። እሷን ማስቀየም ማለት ከቤቱ ባለቤት ጋር መጣላት ማለት ነው፤ እትዬ አስካለ ሌሊቱን እንዳልተኙ ዓይናቸው ይናገራል። ለሊሴ ማሰሪያዬን ስታይ አፏን ያዘች። «አይዞሽ፣ ጽጌ ናት የምትሠራሽ፣ እኔ አጠገብሽ ነኝ» አልኳት። ከፍ ብሎ የሚጠቀለል፣ ከኋላ የሚለቀቅ አሠራር ነው የመረጠችው፤ አውራ ጣት የሚፈልግ። ጽጌ ጀመረች። እኔ «ወደ ቀኝ፣ እዚያ ጋ ስፒል፣ አሁን ያዥው» እላለሁ። ማበጠሪያው ወደቀ። አነሳሁላት። እንደገና ወደቀ። ሦስተኛው ላይ የተጠቀለለው ፀጉር ተፈትቶ የለሊሴ ፊት ላይ ፈሰሰ።

«እጇ ምን ሆኗል?» አለች የለሊሴ አክስት ከበሩ ጋ። «ጠጥታለች እንዴ?»

ጽጌ ፈገግ አለች። እንደዚያ ዓይነት ፈገግታ ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም፤ ደግሞ እንዳላይ።

«ቲጂ» አሉ እትዬ አስካለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ፍቺው።»

«አልፈታም።»

«አንድ ሰዓት ነው! ሙሽራው አምስት ሰዓት ይመጣል! አንድ ሰዓት ሠርተሽ መልሰሽ ታስሪዋለሽ!»

«አንድ ሰዓት፣ ከዚያ ነገ አንድ ሰዓት፣ ከዚያ እንደ ጽጌ።» አፌን አልመረጥኩም። ጽጌ ወለሉን አየች። ያኔ ነው እትዬ አስካለ ፊቴ ላይ መጥተው ያን ነገር ያሉኝ፤ የሚያጠፋሽ ራስሽን መውደድሽ ነው ያሉኝ። «አዎ እወደዋለሁ!» አልኳቸው። «እጄ ነው። የምበላበት ነው። የሚቀይርልኝ የለም፣ እርስዎም አይቀይሩልኝም። እዚህ ቤት ስንት ሴት እጇን ትታ ነው የሄደችው? ለእነሱ ማን ሠርግ ደገሰላቸው?»

ሚዜዎቹ ስልካቸውን እንኳ አላነሱም። ለሊሴ በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ፣ ፀጉሯ ግማሽ ታስሮ ግማሽ ተፈትቶ። «ቲጂ፣ ሠርጌ እኮ ነው» አለች። አልተቆጣችም። ቢቆጡኝ ይሻለኛል፤ ለቁጣ መልስ አላጣም። ያች ቃል ግን ዛሬም ሙሽራ ስሠራ ትመጣብኛለች። «ይቅርታ ለሊሴ» ብቻ አልኳት። ማሰሪያዬን ግን አልፈታሁም።

እትዬ አስካለ ማበጠሪያውን ከወለሉ አነሱ። ጋውናቸውን ወደ ላይ ሰብስበው ከለሊሴ ጀርባ ቆሙ። ከመጣሁ ጀምሮ ፀጉር ሲነኩ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ማበጠሪያውን ያዙት፤ በሌባ ጣታቸውና በመሀል ጣታቸው መካከል። አውራ ጣታቸው ወደ ውስጥ ታጥፎ መዳፋቸው ላይ ተኝቷል፣ አይንቀሳቀስም። ጽጌ አየች፣ እኔ አየሁ፣ ልጆቹ አዩ። በግራ እጃቸው እየያዙ፣ ስፒሉን በጥርሳቸው እየነከሱ፣ አንዳንዴ በክርናቸው እየደገፉ ጠቀለሉት። ግንባራቸው ላቦ፣ ላቡ በአገጫቸው ይንጠባጠባል። ጽጌ ሳትጠራ ሄዳ ከሌላው ወገን ያዘችላቸው፤ ሁለቱ በአንድ እጅ ያህል ተረዳድተው ሠሩት። የዱሮ አሠራር ነበር፣ ከፍ ብሎ እንደ አክሊል የሚቀመጥ፣ እኔ የማላውቀው። እውነት ለመናገር እኔ ከምሠራው ያምር ነበር። አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ መንገዱ ጥግ የመኪኖቹ ጥሩምባ ሲሰማ፣ ለሊሴ ተነስታ ራሷን አየች፣ አክስቷ እልል አለች፣ ሚዜዎቹ ተከተሏት፣ የዶቃው መጋረጃ ቬሎው ላይ ተጠምጥሞ በግድ ፈትተናት ወጡ።

እትዬ አስካለ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ወደ ገንዘብ መቀበያው ሄዱ፣ መሳቢያውን ከፍተው ቁልፍ አወጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። የቡራዩ ቁልፍ።

«ሰኞ ትከፍቻለሽ» አሉ። «የዛሬውን ረስቼዋለሁ። ሠራተኛ መያዝ እንደምትችይ አይቻለሁ፤ ማዘዝም ታውቂያለሽ። ሰኞ ሦስት ሙሽራ አለ ቡራዩ፣ ቃል ገብቻለሁ።»

«ሰኞ እጄ ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል እትዬ።»

«ሙሽራ ሁለት ሳምንት አትጠብቅም።»

«አውቃለሁ።»

«ካልሆነ ለሌላ እሰጠዋለሁ። ዛሬውኑ።»

«አውቃለሁ።»

«እኔስ እጄ ድኖልኝ ነው ይኼን ሁሉ ያቆምኩት?» ድምፃቸው ተሰነጠቀ። እጃቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩኝ፣ እንደ ማስረጃ። አውራ ጣታቸው ሥር የቆዳው ቀለም ጠቁሮ፣ ለዓመታት ቅባትና ሙቀት የበላው፣ ያብለጨልጫል።

«ዓለም ገና ነው» አልኳቸው። «ነዳጅ ማደያውን አለፍ ብሎ ፎቁ ላይ። ልጁ ጥሩ ነው፤ ሐዋ ታውቀዋለች። እሱ ጋ ይታዩ።»

ቁልፉን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት፣ በዚያው በታጠፈ እጃቸው። ነጩ ሴራሚክ ታየኝ፣ መስኮቱ ታየኝ፣ ብርቱካንማው መጋረጃ ታየኝ። ከዚያ ወደ መስታወቴ ሄጄ የራሴን መቀስ፣ የራሴን ሁለት ማበጠሪያና ምሳ ዕቃዬን በግራ እጄ እየለቀምኩ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ጋውኔን አውልቄ መስቀያው ላይ ሰቀልኩት።

«ነይ አብረን እንሂድ» አልኳት ጽጌን።

«ልጆቼስ?» አለች።

ቦርሳውን ትከሻዬ ላይ እንዳነግተው ረዳችኝ። የቦርሳው ዚፕ ለእሷም ለእኔም እንቢ አለ፤ ተያየንና ተውነው። እትዬ አስካለ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ወለሉ ላይ የወደቀውን ፀጉር መጥረግ ጀምረው ነበር። «ደህና ይዋሉ» አልኳቸው። መጋረጃውን በክርኔ ገፍቼ ወጣሁና ወደ መነኻሪያው ሄድኩ።